ሞንዴኦ ቀረ፤ አሁንስ ከፎርድ ጋር ልቀጥል?

የፎርድ ሞንዴኦ ስቴሽን ዋገንህ (የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ረጅም የሆነችው) አርጅታለች። ፎርድ ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. ሞንዴኦን አውሮፓ ውስጥ ማምረቱን አቁሟል። "ከፎርድ ስለማልወጣ ኩጋ የምትባለዋን ኤስዩቪውን ልግዛ ወይ?" ነው ጥያቄህ።

እኔ ብሆን አልቸኩልም። የወደድከው ፎርድን ነው ወይስ ረጅሟን፣ ዝቅ ያለችውን መኪና? ኩጋ ምንም አይወጣላትም፣ ግን ቁመቷ ከፍ ያለ ነው። ከባድ ሻንጣ ከኋላ ስትጭን፣ ጣሪያ ላይ ብስክሌት ስታስር ልዩነቱን ወገብህ ይነግርሃል።

ደግሞ ስሙን ያን ያህል አታካብደው። የፎርዱ ቱርኔዮ ኮኔክት ከቮልክስቫገን ካዲ ጋር አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው! አዲሱ የቮልክስቫገን ፓሳትና ስኮዳ ሱፐርብም እንደዚያው፣ ሁለቱም ስሎቫኪያ ውስጥ ካለው የብራቲስላቫ ፋብሪካ ነው የሚወጡት። በስቴሽን ዋገን መልካቸው የኋላ ዕቃ መጫኛቸው እኩል 690 ሊትር ነው። ለአንተ ቤተሰብ የሚሆነው ከእነዚህ አንዱ ይመስለኛል። ዋጋው ከረከሰልህ ሱፐርብን ያዝ።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። በነዳጅም በሶኬት በሚሞላ ባትሪም የሚሄደውን (ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ) ከመረጥክ ባትሪው ቦታ ይሻማል፤ ፓሳት ላይ 690ው ወደ 530 ይወርዳል። ይሄን ሻጩ ቀድሞ ላይነግርህ ይችላል።

በፎርድ የሚያስቆይ በቂ ምክንያት አንድ ብቻ ይታየኛል፦ ፎርድን አብጠርጥሮ የሚያውቅ፣ የማይዋሽህ መካኒክ ካለህ። እሱ ከሌለ ግን የልጆቹን ወንበርና ጋሪውን ይዘህ ወደ መኪና መሸጫው ሂድ። እዚያው ግጠማቸው፣ የኋላውን ወንበር አጥፈህ ወለሉ ሜዳ መሆኑን እይ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ግድ የለህም።