ከአፕዴት በኋላ ብልጭ ድርግም የሚል ዴስክቶፕ

ጥያቄ፦ «የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ከተሸጋገርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ታስክባሬን ለዓመታት በስክሪኑ ግራ ጎን አቁሜ ነበር የምሠራው፤ አዲሱ ግን ከታች አልነቃነቅ አለኝ። ቀኝ ክሊክ ሳደርግ የማውቃቸው ትእዛዞች የሉም። ዎርድፓድም ጠፋ። የእህቴ ልጅ ከኢንተርኔት አንድ ፕሮግራም አውርዶ ታስክባሩን እንደ ድሮው አደረገልኝ። ተገላገልኩ ስል ባለፈው ሳምንት ሌሊት ኮምፒውተሩ ራሱን አፕዴት አድርጎ ሪስታርት አደረገ። ሴቭ ሳላደርገው ያደረ የኤክሴል ሥራ ጠፋብኝ። ከዚያ ወዲህ ፓስወርድ አስገብቼ ስገባ ታስክባሩ ብቅ ይልና ይጠፋል፣ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ምንም መክፈት አልቻልኩም። ይሄን አፕዴት የሚሉትን ነገር እስከ መጨረሻው እንዴት ላጥፋው? ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስስ እችላለሁ?»

መልስ፦ መጀመሪያ አይደንግጡ። ከነገሩኝ ምልክት ፋይሎችዎ የጠፉ አይመስለኝም። «ፎርማት እናድርገውና እንገላገል» የሚልዎት ሰው ካለ ዛሬ አይስሙት።

እኔ የምጠረጥረው ያንን የእህትዎን ልጅ ፕሮግራም ነው። ልጁን አይቆጡት፣ አስቦልዎት ነው ያደረገው። ነገሩ እንዲህ ነው። ታስክባሩን፣ ዴስክቶፑንና ፎልደር ሲከፍቱ የሚመጣውን መስኮት የሚያሳየው ኤክስፕሎረር የሚባል አንድ ፕሮግራም ነው። የድሮውን ታስክባር እንመልሳለን የሚሉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ እዚህ ኤክስፕሎረር ውስጥ ሰርገው ገብተው ነው የሚሠሩት። ማይክሮሶፍት በአፕዴት ኤክስፕሎረርን ሲቀይረው መሣሪያው የሚያውቀውን ቦታ ያጣዋል። ያኔ ሁለቱም ተያይዘው ይወድቃሉ። ዊንዶውስ ደግሞ ኤክስፕሎረር ሲወድቅ መልሶ ያነሣዋል። ይነሣል፣ ይወድቃል፤ ይነሣል፣ ይወድቃል። እርስዎ የሚያዩት ብልጭ ድርግም ይሄ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የመጨረሻውን አፕዴት እናወጣዋለን፣ ከዚያ መሣሪያውን እናነሣለን፣ በመጨረሻ አፕዴቱን መልሰን እናስገባለን። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ።

ከመጀመርዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ። ብዙ ዊንዶውስ 11 ያለባቸው ኮምፒውተሮች ዲስካቸው ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ነው፤ ባለቤቱ ይህን ላያውቅም ይችላል። አሁን ወደምንገባበት የጥገና ክፍል ሲገቡ ኮምፒውተሩ ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ሊጠይቅዎ ይችላል። ፓስወርድዎ አይደለም፣ የስልክ ቁጥርም አይደለም። በስልክዎ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንትዎ ይግቡና ኮምፒውተሮችዎ በተዘረዘሩበት ገጽ ሪከቨሪ ቁልፍ የሚባለውን ይህን ቁጥር ይፈልጉ። ከአንድ በላይ ቁልፍ ካገኙ፣ ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን የቁልፍ መለያ ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክሩት። የመለያው የመጀመሪያዎቹ ስምንት ፊደልና ቁጥሮች የገጠሙበት ነው የእርስዎ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይገልብጡት። ወረቀት ያልኩት አውቄ ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስቀመጡት ቁልፍ ኮምፒውተሩን አይከፍትም።

አሁን ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት የሚሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። ኤክስፕሎረር ቢወድቅም ይሄ ገጽ ይመጣል። ከታች በቀኝ ጥግ የማጥፊያው ምልክት አለ። ሺፍትን ተጭነው ሳይለቁ ሪስታርት የሚለውን ይምረጡ። ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። ትራብልሹት፣ ቀጥሎ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ቀጥሎ አንኢንስቶል አፕዴትስ። እዚያ ሁለት ምርጫ ያገኛሉ። ኳሊቲ አፕዴት የሚለው የየወሩ ነው፤ ፊቸር አፕዴት የሚለው ትልቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንዴ የሚመጣው ነው። በኳሊቲው ይጀምሩ። ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፤ ቆመ ብለው በመሃል እንዳያጠፉት።

ሲነሣ ታስክባሩ ጸጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። እንደገባ ወዲያው ሴቲንግ ከፍተው ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ለአንድ ሳምንት ፖዝ ያድርጉት። ያለዚያ ያወጣነውን መልሶ ያስገባብናል። ቀጥለው አፕስ፣ ከዚያ ኢንስቶልድ አፕስ ውስጥ ያንን ፕሮግራም ፈልገው ያጥፉት። ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉ። የማይወዱት፣ ከታች የተለጠፈው ታስክባር ከመጣ ተሳክቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፖዙን አንሥተው አፕዴቱ ይግባ።

ፕሮግራሙን ካጠፉም በኋላ አፕዴቱ ሲገባ ብልጭ ድርግሙ ከተመለሰ ግምቴ ስቷል ማለት ነው። ያኔ ቀጥሎ የምጠረጥረው የስክሪኑን ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከስክሪኑ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም ነው። መልሰው ይጻፉልኝ።

የጠፋውን የኤክሴል ሥራ ጨርሶ ውሃ በላው አይበሉ። ፋይሉን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ሴቭ አድርገውት ከነበረ፣ ኤክሴልን ሲከፍቱ የተረፈውን ቅጂ በግራ በኩል ሊያሳይዎ ይችላል። ጭራሽ ስም ያልሰጡት ከሆነ ፋይል፣ ኢንፎ፣ ማኔጅ ወርክቡክ ውስጥ ገብተው ሴቭ ያልተደረጉትን የሚመልሰውን ይምረጡ። ኤክሴል ካልቀየሩት በቀር በየ10 ደቂቃው ቅጂ ይይዛል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ቢሄዱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ንዴትዎ ልምጣ። ታስክባሩን ማን ነካው?

ዊንዶውስ 11 በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ታስክባሩ የድሮው ተሻሽሎ የመጣ አልነበረም። እንደ አዲስ ነው የተጻፈው። እንደ አዲስ ሲጻፍ ደግሞ የድሮው የሚችለው ነገር ሁሉ አብሮ አልተጻፈም። ወደ ጎን መውሰድ ቀረ። ፋይል ጎትቶ ታስክባሩ ላይ ወዳለ ፕሮግራም መጣልም ቀረ። መስኮቶችን ለየብቻ ከነስማቸው መደርደርም ቀረ። እኔ በዚያን ሰሞን ፋይል እየጎተትኩ ታስክባሩ ላይ ስጥል፣ ያቺ የክልክል ምልክት ብቅ ስትልብኝ ስንት ጊዜ እንደተበሳጨሁ። ሰው ሁሉ ጮኸ። መጎተቱ በ2022 ተመለሰ። ከነስማቸው መደርደሩ በ2023 ተመለሰ። ስለዚህ «ጠፋ» የተባለ ነገር ሁሉ ለዘለዓለም አልጠፋም። አንዳንዱ ተመልሷል፣ አንዳንዱ ተደብቋል፣ አንዳንዱ የምር ተወግዷል።

ለሒሳብ ሰው አንድ ሰዓት የሚያተርፈው ያ ከነስማቸው መደርደሩ ነው። ሦስት የኤክሴል ፋይል ከፍተው በአንድ ምልክት ሥር ተደራርበው የቱ የቱ እንደሆነ ከመፈለግ ያድናል። ሴቲንግ ውስጥ ፐርሰናላይዜሽን፣ ታስክባር፣ ከዚያ ታስክባር ቢሄቪየርስ። እዚያ ኮምባይን የሚለውን ኔቨር ያድርጉት። እዚያው ገጽ ላይ አላይንመንት የሚለውን ሌፍት ካደረጉት የስታርት ምልክቱ ወደ ግራ ጥግ ይመለሳል። ታስክባሩን ወደ ጎን ማቆሚያ ምርጫ እዚያው ካገኙ እሰየው። ካላገኙ ግን በእርስዎ ዊንዶውስ ላይ የለም ማለት ነው፤ ሌላ መሣሪያ አይፈልጉለት። ለጨዋታ በሚሆን ኮምፒውተር ላይ ቢሆን «ይሞክሩት» እልዎት ነበር። የሰው ሒሳብ በሚዘጋበት ኮምፒውተር ላይ ግን በየወሩ ኤክስፕሎረር ይነሣ ይሆን እያሉ መጨነቅ አያዋጣም።

የቀኝ ክሊኩ ቀላል ነው። ሺፍትን ተጭነው ቀኝ ክሊክ ያድርጉ፤ የድሮው ረጅም ዝርዝር እንዳለ ይመጣል። ኮፒና ፔስት ደግሞ አልጠፉም፣ በዝርዝሩ ጫፍ ላይ ትንንሽ ሥዕል ሆነዋል። ማን እንዳሰበው እንጃ።

ዎርድፓድ የምር ተወግዷል። 24ኤች2 ከሚባለው የዊንዶውስ 11 እትም ጀምሮ የለም። በእሱ የጻፏቸውን ፋይሎች ዎርድ ይከፍታቸዋል፤ ዎርድ ከሌለዎት ሊብሬኦፊስ በነፃ አለ።

አፕዴቱን እስከ መጨረሻው ላጥፋው ላሉት፣ አይሆንም። እምቢ የምልዎት ግን ደርሶብኝ ስላየሁ ነው። እኔም ድሮ የአፕዴቱን ሰርቪስ፣ ማለትም ከጀርባ ሆኖ አፕዴት የሚያስገባውን ፕሮግራም፣ እያጠፋሁ ነበር ለደንበኛ የማስረክበው። ሰው ይደሰትልኛል፣ ኢንተርኔቱም አያልቅበትም። በ2017 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ አንድ ደንበኛዬ ደወለልኝ። ስሄድ ቀይ ገጽ ከነቆጠራው ተደቅኗል፤ ፋይሎቹ ሁሉ ተቆልፈዋል። ያንን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር፤ መጋቢት 14 ወጣ፣ ቫይረሱ ግንቦት 12 ተለቀቀ። ኮምፒውተሩ ያልወሰደው እኔ ስላጠፋሁበት ነው። ሰውየው ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፈውም።

በዚያ ላይ አሁን ሰርቪሱን ቢያጠፉትም ዊንዶውስ መልሶ የሚያስነሣው ሌላ ሰርቪስ አዘጋጅቷል። ትግሉ ከራሱ ከኮምፒውተሩ ጋር ይሆናል።

እርስዎም ግን አልተሳሳቱም። አፕዴት ራሱ ጥፋት ያመጣበት ጊዜ አለ። በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የዊንዶውስ 10 ትልቅ አፕዴት የአንዳንድ ሰዎችን ዶክመንት ሰርዞ ማይክሮሶፍት ለጊዜው ለማቆም ተገዷል። ከዚያ ወዲህ የእኔ ልማድ አንድ ነው፤ ቀዳሚ አልሆንም። የየወሩ አፕዴት የሚወጣው በወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ነው። እሱ ከመድረሱ በፊት ለአንድ ሳምንት ፖዝ አደርጋለሁ። ችግር ያለበት ከሆነ በዚያ ሳምንት ጩኸቱ ይሰማል። ከሳምንት በኋላ ሥራ በሌለኝ ቀን፣ ባክአፕ ይዤ፣ ራሴ አስገባዋለሁ። ፖዝ እስከ አምስት ሳምንት ድረስ ይሄዳል፤ ወር መጨረሻ ላይ ሒሳብ ሲዘጉ ይህን ያስታውሱ።

እዚያው ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ «አፕዴት እንደወጣ ቶሎ ላግኝ» የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ይጥፋ። እሱ በርቶ ከሆነ ገና በደንብ ያልተፈተሸው ነገር ቀድሞ የሚደርሰው ለእርስዎ ነው። አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ደግሞ አክቲቭ አወርስን ማኑዋል አድርገው የሥራ ሰዓትዎን ይሙሉ፤ እስከ 18 ሰዓት ይቀበላል። በእነዚያ ሰዓቶች በገዛ ፈቃዱ ሪስታርት ከማድረግ ይቆጠባል። ሪስታርት ሲያስፈልግ አሳውቀኝ የሚለው ግን ይብራ። ይህ ሁሉ ሆኖም ሥራ ከፍተው አይደሩ። ሌሊቱ ከአክቲቭ አወርስ ውጭ ነው፤ የኤክሴሉም ሥራ የሄደው እንደዚያ ነው።

በስልክ ሆትስፖት የሚጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ዋይፋዩን ሲያገናኙ በዚያ ኔትወርክ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሚተርድ ኮኔክሽን የሚለውን ያብሩ። ዊንዶውስ በእሱ ላይ አብዛኛውን አፕዴት አያወርድም። አድቫንስድ ኦፕሽንስ ሥር ያለውን ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽንም ያጥፉት፤ ያወረዱትን አፕዴት ከእርስዎ ኢንተርኔት ላይ ለሌሎች ኮምፒውተሮች ሊያካፍል ይችላል። ቸርነት ጥሩ ነው፣ በሰው ዳታ ግን አይደለም።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ። ከ10 ወደ 11 ከተሻገሩ በኋላ በሴቲንግ ውስጥ ጎ ባክ የሚለው የሚሠራው ለ10 ቀን ብቻ ነው። ሦስት ወር ሆኖዎታል፣ የድሮው ዊንዶውስ የተቀመጠበት ፎልደር ተጠርጓል። አሁን መመለስ ማለት ሙሉውን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ለግል ተጠቃሚ የተራዘመው የደኅንነት አፕዴት እንኳ እስከ ጥቅምት 13 ቀን 2026 ብቻ ነው። ለታስክባር ሲሉ ከድጡ ወደ ማጡ አይሂዱ።

ዛሬ የቢትሎከር ቁልፉን ፈልገው ወረቀት ላይ ይጻፉ። የቀረውን ነገ ቢሠሩትም ይደርሳል። ሰማያዊው ገጽ ላይ ያልጠቀስኩት ነገር ከመጣብዎ ምንም ሳይጫኑ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ።