ክረምት ሳይገባ መጀመሪያ ዝርዝሩን ያዙ

ወንድሜ፣ «አዳማ ያለን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ነን፤ ደብራችን ለጎርፍ እንዴት ይዘጋጅ? ከደረሰስ በኋላ ሰውን እንዴት እንርዳ?» ብለህ ለጠየቅከው ነው። እኔም የአዳማ ልጅ ነኝ፤ በሰበካ ጉባኤያችን ምግባረ ሠናይ ክፍል አገለግላለሁ። የእናንተም ሰፈር እንደኛው ከኮረብታው ሥር ይመስለኛል፤ ከተማው ላይ ሳይዘንብ እንኳ ከላይ የዘነበው ድንጋይና አሸዋ ይዞ የሚወርድበት።

1. ልብስ ከመሰብሰብ አትጀምሩ፤ ሁሉም በዚያ ነው የሚጀምረው። ግንቦት ላይ ቤት ለቤት ዞራችሁ መዝግቡ፦ አልጋ ላይ የዋለ፣ ነፍሰ ጡር፣ ብቻውን የሚኖር አዛውንት፣ ቤቱ ቱቦው ዳር የሆነ። ይህን ደግሞ ብቻችሁን እንዳትሠሩት። ከእድሩ ጋር ሥሩት፣ የእድሩም የሰበካውም ማህተም ይረፍበት፣ ቀበሌው ገና በደህናው ቀን ፈርሞ ይቀበላችሁ።

ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። የኛን ዝርዝር የሠራው ሰበካው ብቻውን ነበር። ስብሰባው ላይ «የእድር ሰዎች ይግቡበት» ብዬ ተከራክሬ ነበር፤ «በኋላ እንጨምራቸዋለን» ተባለና በዚያው ቀረ። ጎርፉ ነሐሴ ላይ በሌሊት መጣ። ሲነጋ ጭቃው አልጋ ደርሶ ነበር፤ የልጆች ደብተርና የጤፍ ጆንያ አብሮ ተቦክቷል። ዝርዝራችንን ይዘን ዱቄትና ብርድ ልብስ ወደሚታደልበት ቢሮ ሄድን። ሰውዬው ከወንበሩ ሳይነሳ ወረቀቱን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገና «ይሄ የአንድ እምነት ዝርዝር ነው፤ አንቀበልም» አለን። ሙስሊሞችም ፕሮቴስታንቶችም ነበሩበት፤ አላነበበውም እኮ! የራሳቸው ዝርዝር ደግሞ የላቸውም። እንደ አዲስ ምዝገባ ተጀመረ፤ መሰለፍ የቻለ ተመዘገበ፣ ቤቱ ጭቃ ሲዝቅ የዋለው ቀረ። ግድግዳዋ የተናደባት አንዲት እናት ስሟ ሳይገባ፣ ደጁ እንኳ ያልረጠበ ሰው ሁለት ብርድ ልብስ ተሸክሞ ሲያልፍ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሚቀጥለው ክረምት የእድሩን ማህተም ይዘን ስንሄድ ያው ቢሮ ያለ አንድ ቃል ተቀበለን።

2. ደወሉ። መብራትም ኔትወርክም ይጠፋል፣ ደወል ግን አይጠፋም። ድሬዳዋን በ1998 ዓ.ም. ጎርፍ የመታት በሌሊት ነው፤ ከ200 በላይ ሰው አልቋል። ታዲያ ዝም ብላችሁ ብትደውሉ ሰው ለቅዳሴ ወይም ለቀብር ይመስለዋል። እኛ ከአስተዳዳሪው ጋር ተነጋግረን ሳያቋርጥ የሚደወል ሌላ አደዋወል ለየን፤ ለሰፈሩም በእድር ስብሰባ ተነገረ፤ የደወል ቤቱ ቁልፍም ከጥበቃው በተጨማሪ አጠገብ ለሚኖር ዲያቆን ተሰጠ። ልምምዱን በፍልሰታ አድርጉት፤ ዝናቡ የሚበረታው ያኔ ነው፣ ሰዉም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው። ባለፈው ዝናብ ሲደወል በዝርዝሩ ላይ የነበሩት አረጋውያን ሁሉ ውሃው ሳይደርስ በባጃጅ ተጭነው የደብሩ አዳራሽ ገብተው ነበር። በዚህ እኮራለሁ፤ የኛ ልጆች ሥራ ነው።

3. ወጣቶቹ ግን የሚሮጥ ውሃ ውስጥ አይግቡ። ጉልበት የደረሰ ጎርፍ ጎልማሳ ይጥላል። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን መሬት ሲንሸራተት ካለቁት ብዙዎቹ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። የእናንተ ሥራ ሰውን ቀድሞ ማውጣት ነው፤ የተጎዳ ካለ 907 ብላችሁ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ጥሩ።

አዳራሹ ለጎርፍ ነው፤ ለመሬት መንቀጥቀጥ ግን በጭራሽ። በ2017 የፈንታሌው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ሲያነቃንቀን ሰዉ ወደ ሕንፃው ውስጥ ሊጠለል መጣ፤ መቆየት ያለበት ከግንብና ከዛፍ ርቆ ግቢው ሜዳ ላይ ነው። ድንኳን ደግሞ እድሩ አለው።

ለተጠለለው ሰው የጾም ምግብ ሥሩ። ሥጋ ካለበት ሙስሊሙ ጎረቤት አይበላም፤ ሽሮና ምስር ግን ሁሉም ይበላዋል። የማንንም ሃይማኖት ሳትጠይቁ ማስተናገድ የምትችሉት እንዲህ ነው። ለሕፃናት ወተት ለብቻ ያዙ። በሶና ዳቦ ቆሎ ቀድሞ ይቀመጥ፤ ማገዶ ሲረጥብ ያድናችኋል። ሽንት ቤቱ ሁሉ ስለሚሞላና ስለሚፈስ አተት የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃው ይፈላ ወይም ውሃ ማከሚያው «ውሃ አጋር» ይጨመርበት፤ ሳሙናና ክዳን ያለው ጀሪካን ከአሮጌ ልብስ ይበልጣል። የኛ ደብር ግቢ በልብስ ተከምሮ ግማሹ ሻግቶ ተጣለ።

ሌላው ሁሉ የሚረሳው በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ፎቶ የሚያነሱት ከሄዱ በኋላ ሰው ቤት ኪራይ፣ መታወቂያ፣ የልጅ ደብተር ይቸግረዋል። ስለዚህ ከምጽዋቱ ለዚያ ጊዜ ለይታችሁ በጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ ለመታወቂያ የሚሄድ ሰው ብቻውን አይሂድ፣ አንድ አንደበተ ርቱዕ ከእድሩ ይከተለው። የጎበጡ እናት «ነገ ነይ» እየተባሉ ሲመላለሱ ማየት ያማል፤ ከጎናቸው ሽማግሌ ሲቆም ግን ቃሉ «ይግቡ እማማ» ይሆናል።

የምንጠቀምበት ቅጽ አንድ ገጽ ነው፦ የአባወራው ወይም የእማወራዋ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ማን መታገዝ እንዳለበት፣ ስልክ፣ እና ማን እንደሚያወጣው። የመጨረሻዋን አትዝለሏት፤ ለእያንዳንዱ አቅመ ደካማ ስሙ የተጻፈ አንድ ልጅ መኖር አለበት። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ።