ካልተከተብሽ ሥራ የለሽም ተባልኩ፤ መብቴ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ባለ የግል ክሊኒክ የፅዳት ሠራተኛ ነኝ። ሰሞኑን ሁላችንም የሄፓታይተስ ቢ ክትባት እንድንወስድ ታዘናል። «በራሴ ፈቃድ ተከትቤአለሁ፤ ለሚደርስብኝ ነገር ክሊኒኩን አልጠይቅም፤ ዋጋው ከደመወዜ ይቆረጥ» የሚል ወረቀትም ፈርሙ ተባልን። ያልፈረመ ከሰኞ ጀምሮ እንዳይመጣ ብለዋል። ስለ ክትባቱ ያስረዳን ሰው የለም። እምቢ ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይችላሉ። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 20 ማንም ሰው በማንኛውም ጊዜ ምርመራም ሆነ ሕክምና አልፈልግም ሊል እንደሚችል ይናገራል። እዚያው ቁጥር ላይ ግን ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ክትባትን ግዴታ የሚያደርጉ ሕጎችና ደንቦች እንደተጠበቁ መሆናቸው ተጽፏል። እንግዲህ የማስገደድ ሥልጣን ያለው ሕግ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሰሌዳ ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ ሕግ አይሆንም። «ግዴታ ነው» ሲሉዎት በየትኛው ሕግ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቋቸው።

እኔን ያናደደኝ ወረቀቱ ነው። ሦስት ነገር በአንድ ፊርማ ጠቅልሎ ይወስዳል።

ፈቃድ ማለት ክትባቱ ምን እንደሚከላከል፣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ተነግሮዎት፣ ጠይቀው፣ ገብቶዎት እሺ ሲሉ ነው። «ካልፈረምሽ አትምጪ» ተብሎ በተገኘ ፊርማ ላይ «በራሴ ፈቃድ» ብሎ መጻፍ ሰውን ማስዋሸት ነው። «ክሊኒኩን አልጠይቅም» የሚለውም ብዙ አያስኬድም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አሠሪ በሥራ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ይህን ኃላፊነት በአንድ ገጽ ወረቀት አራግፎ መሄድ አይቻልም።

ገንዘቡ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ደመወዝ በሕግ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ በሚዋዋሉት)፣ በሥራ ደንብ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሊቆረጥ ይችላል። ፊርማዎን የፈለጉት ለዚህ ይመስለኛል። ሠራተኛን ከሥራው አደጋ የመጠበቅ ወጪ የአሠሪው ሊሆን ይገባል። መፈረም ግድ ከሆነብዎት ያልተስማሙበትን ሐረግ ሰርዘው «በዚህ አልስማማም» ብለው ይጻፉበት፤ ከመመለስዎ በፊትም በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ሰኞ ዕለት ሥራ ቦታዎ ይገኙ። ቤት ከቀሩ «ራሷ ነች የቀረችው» ይባላል። ጥበቃው ከበር ከመለሰዎት የስንብት ደብዳቤ ይጠይቁ፤ አብራዎት የነበረች ባልደረባ ካለች ምስክር ትሆናለች። አሠሪ የሚያሰናብተው አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው፤ አለመከተብ በስሙ አልተጠቀሰም። የኅብረት ስምምነት ካላችሁ ግን ያንብቡት፤ ተጨማሪ ጥፋቶች እዚያ ሊኖሩ ይችላሉ። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር ውስጥ መግባት አለበት። ሠራተኛ ደግሞ ለዚህ ክስ የፍርድ ቤት የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

መብትዎ ይህ ነው። ምክሬን ከጠየቁኝ ደግሞ፣ እባክዎ ይከተቡ።

ጉበትን የሚጎዳው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደም ይተላለፋል። ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ መግባት የነበረበት መርፌ ተራ የቆሻሻ ፌስታል ውስጥ ሲጣል የሚወጋው ፌስታሉን የሚያነሳውን ሰው ነው። ጓንት ለመርፌ አይመልስም። ክትባቱ በአገራችን ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን በልጅነታችን አልወሰድነውም። ለአዋቂ ብዙውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜ ይሰጣል። ከመከተብዎ በፊት ቫይረሱ በደምዎ ይኖር እንደሆነ መመርመር ጥሩ ነው፤ ውጤቱ የእርስዎ ምስጢር ነው፣ አለቃዎ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ የለበትም።

እምቢታዎ ሌላም ጣጣ አለው። አዋጁ ግልጽ የደኅንነት መመሪያ ባለማክበር የደረሰን ጉዳት ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ እንዳደረሰው ይቆጥረዋል። ነገ መርፌ ቢወጋዎትና ቢታመሙ ክሊኒኩ ይህን አንቀጽ መዞ ካሳ አልከፍልም ሊል ይችላል። በእኔ እምነት ጓንት አድርጊ ማለትና ሰውነት ውስጥ የሚገባ መድኃኒት ውሰጂ ማለት አንድ አይደለም። ግን ይህ ክርክር በእርስዎ ጉበት ላይ እንዲፈተን አልፈልግም።

ስለዚህ ለሥራ አስኪያጁ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። ባለሙያ እንዲያስረዳችሁ፣ ወጪውን ክሊኒኩ እንዲሸፍን፣ ወረቀቱ እንዲስተካከል ይጠይቁ፤ ያኔ እንደሚከተቡም ይግለጹ። በሁለት ኮፒ አድርገው አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብለው እንዲፈርሙ ያድርጉ። አልቀበልም ካሉ አራዳ ክፍለ ከተማ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ያነጋግሩ። ሲሄዱ የሥራ ውልዎን፣ የወረቀቱን ፎቶና የደመወዝ ማስረጃዎን ይያዙ።