የሁለት ሌሊት ጉዞ፣ የ17 ኪሎ ሸክም

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብረ ማርቆስ የምኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ኅዳር ላይ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ጮቄ ተራራ ወጥተን ሁለት ሌሊት ልናድር አስበናል። ቦርሳዬን ሞልቼ ስመዝነው 17 ኪሎ ሆነ! ጋቢ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ድንኳን፣ ቡታጋዝ፣ ድስት፣ ፓስታና ስድስት ሊትር ውሃ አለው። ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ቀለል ያለ ዘመናዊ ቦርሳ ልግዛ ወይስ ሌላ ይቅደም?

መልስ፦ ቦርሳው ይቆይ፣ የመጨረሻው ግዢህ እሱ ነው። ቦርሳ የሚመረጠው ውስጡ የሚገባው ዕቃ ከታወቀ በኋላ ነው። ዛሬ ትንሽና ቀላል ቦርሳ ብትገዛ ያ ሁሉ ብርድ ልብስ አይገባበትም፣ ቢገባም ስስ ማንገቻው ትከሻህን ይቆርጠዋል።

ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ያለ ምንም ወጪ የሚቀንሰውን ቀንስ። ስድስት ሊትር ውሃ ስድስት ኪሎ ነው፣ የሸክምህ አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። የምትሄደው ደግሞ ስንት የዓባይ ገባር ወንዝ ወደሚነሳበት ጮቄ ነው! የአንድ አንድ ሊትር ሁለት ባዶ ሃይላንድ ያዝ፣ መንገድ ላይ እየሞላህ ሂድ። ከላይ ከብት ስለሚሰማራ ግን እንዲሁ አትጠጣው። በንጹሕ ጨርቅ አጥልለህ የውሃ ማከሚያ ጨምርበት፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህል ጠብቅና ጠጣ።

ቀጥሎ ቡታጋዙ፣ ድስቱና ፓስታው። እነዚህን ቤት ተዋቸው። ውሃ ከፍታ በጨመረ ቁጥር በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው፣ 4,000 ሜትር ላይ 87 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ስለዚህ ፓስታው ቶሎ አይበስልልህም፣ ነዳጅህንም ይጨርሳል። ለሁለት ሌሊት በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ከበቂ በላይ ነው። በሶ እሳት አይፈልግም፣ በቀዝቃዛ ውሃ ትበጠብጠዋለህ ወይም በማር ትጨብጠዋለህ፣ አለቀ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ስለሚገባ ለሚጾመውም ጓደኛህ ይሆናል። የውጭ አገር ተጓዦች ብዙ ገንዘብ ከፍለው የሚገዙትን ደረቅና ቀላል ምግብ እናቶቻችን ሲያዘጋጁት ኖረዋል፣ እኔ በዚህ ነገር በጣም ነው የምኮራው። ደግሞ አደራ፣ ቡታጋዝ ቀረ ብላችሁ የአስታ ዛፍ ቆርጣችሁ እንዳታነዱ። ተራራው ላይ የቀረው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። መጀመሪያ መኝታህን ቀይር። ወደ ላይ በ1,000 ሜትር ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብለህ አስብ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፣ የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፣ ስለዚህ እቤትህ ከሚሰማህ የሌሊት ብርድ አሥር ዲግሪ ያህል ይብሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ስለሚጠራ ውርጭም አለ። ጋቢ ደረቅ ሲሆን እንደሱ የሚሞቅ የለም። ግን ጥጥ ነው፣ ጤዛ ከነካው ውሃውን ይጠጣና ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። ጋቢና ብርድ ልብሱን በአንድ ስሊፒንግ ባግ (ውስጡ ተገብቶ የሚተኛበት ከረጢት) ተካቸው። ስትገዛ መለያው ላይ ሁለት ቁጥር ታያለህ፤ አንዱ ተመችቶህ የምትተኛበት ሙቀት ነው፣ ሌላው ተኮራምተህ የምትችለው የመጨረሻ ወሰን። ሻጩ ሁለተኛውን ነው የሚያሳይህ። አንተ የመጀመሪያውን ተመልከት፣ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ይሁን።

የላባው ቀላል ነው ግን ውድ ነው፣ ከራሰ ደግሞ ሙቀቱ ይጠፋል። ለተማሪ የሰው ሠራሹ ይሻላል። ሰልባጅ ተራ ካገኘህ ጥቅልል አድርገህ ጨምቀው፣ ስትለቀው ተመልሶ ካልተነፋ አትግዛው። ብርሃን ላይም ዘርጋው፣ ሙሌቱ አንድ ቦታ ተጠራቅሞ ሌላው ከሳሳ በዚያ በኩል ብርድ ይገባል።

ከሥርህ የሚነጠፍ ፎምም አትርሳ። ሰውነትህ የተኛበትን የከረጢቱን ክፍል ስለሚጨፈልቀው ከታች የሚሞቅህ ነገር የለም፣ መሬቱ ሙቀትህን ይወስደዋል። የሶፋ ስፖንጅ አይሁን፣ ውሃ ይመጥጣል። ውሃ የማያስገባው ጠጣር ፎም ርካሽ ነው፣ በጣም ቀላል ነው፣ እሾህ ቢወጋውም እንደሚነፋው ፍራሽ አይተነፍስም።

ድንኳኑን አሁን አትቀይር። አራት ናችሁ፣ አንዱ ሸራውን፣ ሌላው ዘንጉንና ካስማውን ይያዝ። ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላ እንደገና መዝነው፣ ያኔ ምን ያህል ቦርሳ እንደሚያስፈልግህ ራሱ ይነግርሃል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። መስከረም መጀመሪያ ወደ ሰከላ ሄጄ ግሽ ዓባይን ላይና አንድ ሌሊት ላድር ነው። ጉልበቴ ያመኛል። ወፍራም የቆዳ ቡትስ ግዛ ይሉኛል፣ ልግዛ?

መልስ፦ ጋሼ፣ አይግዙት። እግር ላይ ያለ ክብደት በእያንዳንዱ እርምጃ ይነሳል፣ ስለዚህ ጀርባ ላይ ካለው ይልቅ ያደክማል። መስከረም መጀመሪያ ዝናቡ ገና አይወጣም፣ ጭቃውም አለ፣ የራሰ ቆዳ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ሶሉ ጭቃ የሚቆነጥጥ ቀላል ስኒከርና ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ይበቃዎታል፣ አንዱ ጥንድ ለመኝታ ብቻ ይሁን። ለጉልበትዎ ዱላ ይያዙ፣ ቁልቁለት ላይ ከእግርዎ ቀድመው ይትከሉት። የዝናብ መከላከያ ቦርሳ መግዛትም አያስፈልግም። የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የሚገኘውን ወፍራም ላስቲክ ሳይሆን (የኬሚካል ቅሪት ሊኖረው ይችላል) አዲስ ትልቅ ላስቲክ ገዝተው ቦርሳው ውስጥ ያልብሱት፣ ልብስዎን በዚያ ውስጥ ያድርጉና አፉን ይጠምዝዙ። ሰከላ ከባሕር ዳር ከ800 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ሹራብ አይቅርብዎ።

ጥያቄ፦ ለሁለት ቀን ትልቅ ፓወር ባንክ ያስፈልጋል? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ አያስፈልግም። 10,000 mAh (የሚይዘው የኃይል መጠን) የሚለው ይበቃል፣ ስልክሽን ኔትወርክ በሌለበት ቦታ አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጊው፣ ያለዚያ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ብርድም ባትሪ ስለሚያዳክም ማታ ስልኩንም ፓወር ባንኩንም መኝታሽ ውስጥ ይዘሽ ተኚ።