ከመድኃኒቱ በፊት ድንጉላውን ክፈቱ

ሰሞኑን ፍኖተ ሰላም አካባቢ ንብ የምታረባ ልጅ መልእክት ላከችልኝ። «ጋሼ፣ ንቦቼ ከቀፎው ሥር መሬት ለመሬት እየዳሁ ነው። ክንፋቸው ተጨማዷል። የትኛውን መድኃኒት ልግዛ?» ትላለች። የእናንተ ትውልድ ነገር እንዲህ ነው። በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒቱ ይጠየቃል።

ጥያቄዋ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ወጣት ባለሙያ ሳለሁ፣ ከቢቸና ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ አንድ አዛውንት አናቢ ነበሩ። ቀፎዎቻቸው በእበት የተለሰኑ፣ ጓሮ ዳስ ሥር የተደረደሩ ናቸው። የአደይ ማራቸው በጥቅምት ሲቆረጥ ጠጅ ጣዮች ቤታቸው ድረስ ይመጡ ነበር። ያኔ ጠጅ ጠጅ ነበር። የዛሬውን ስኳር ውኃ ተዉት።

አንድ ክረምት ንባቸው አለቀ። ጎረቤታቸው በነሐሴ ጤፉ ላይ ቱ ፎር ዲ የሚባለውን ፀረ አረም ረጭቶ ነበርና «የጨረሰብኝ እሱ ነው» አሉ። ጎረቤቱ ማን መሰላችሁ? አበልጃቸው። የመጨረሻ ልጃቸውን ክርስትና ያነሳ ሰው። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እኔም ተጠራሁ። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ስለነበር ስደርስ የሞተው ንብ ተጠርጎ፣ ቀፎው ከነማር እንጀራው ተቃጥሏል። የማየው ነገር አልነበረም።

ባለቤታቸው ቡና ሲያቀርቡልኝ ጠየቅኋቸው። «ባንድ ጊዜ መች አለቁ ልጄ? ከሰኔ ጀምሮ መብረር አቅቷቸው እየተንፏቀቁ ይወጡ ነበር» አሉኝ። ከሰኔ ጀምሮ! ርጭቱ በነሐሴ ነው። እሳቸውን ግን አንድም ሽማግሌ አልጠየቃቸውም። እኔ ስናገርም ፍርዱ አልቆ ነበር። ጎረቤቱ ጤፍ ካሰ። አበልጅነቱ በዚያው ቀረ፤ ልጁ ሲዳር ክርስትና አባቱ አልተጠራም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያኔ በሰፈራችን ቫሮዋ የምትባለውን የንብ ተባይ በስም የሚያውቅ አልነበረም።

በፀረ ተባይ መርዝ የሚሞት ንብ ድንገት ነው። ትናንት ደህና የነበረ ቀፎ ዛሬ ደጃፉ ሬሳ ይሞላል። ፀረ አረም ደግሞ ንቡ የሚቀስመውን አበባ ያጠፋበታል። ቫሮዋ ግን ቀስ ብላ ነው የምትጨርስ። ስፋቷ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀይ ቡናማ ጥገኛ ተባይ ናት። የእጭ (የንብ ትል) ክፍል በሰም ሊታሸግ ሲል ሾልካ ትገባና እዚያው ትራባለች። ሙሽሬውን (ከትልነት ወደ ንብነት የሚለወጠውን) ትመጠምጣለች፤ ክንፍ የሚያጨማድደውን ቫይረስም ታስተላልፍበታለች። የድንጉላ (የወንዱ ንብ) ክፍል ታሽጎ የሚቆይበት ቀን ስለሚበዛ እዚያ ትመርጣለች። ስለዚህ የታሸገውን ድንጉላ ክፈቱና ሙሽሬውን አውጥታችሁ እዩ። ነጩ ገላ ላይ በግልጽ ትታያለች።

ከንብ ቅማል ጋር ግን አታምታቷት። ቅማል የምንላት ክንፍ አልባ ዝንብ ናት፤ 6 እግር አላት፤ የንቡን ምግብ ትሻማለች እንጂ ቀፎ አትጨርስም። የቫሮዋ እግር 8 ነው። ሳይንቲስቶችም ቢሆኑ እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ ቫሮዋን ከአንዲት ዘመዷ ጋር ሲያምታቱ ኖረዋል። ያቺ ልጅ ድንጉላውን ከፍታ በስልኳ አጉልታ ያነሳችው ፎቶ እኔ በመነጽሬ የማላየውን እግር አስቆጠረኝ። ስለ ትውልዳችሁ ካልኩት ግማሹን አንስቻለሁ።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ከገበያ ስም የሌለው ብልቃጥ አትግዙ። ቅሪቱ ሰሙ ውስጥ ሊቀር ይችላል። የአፍሪካ ንብ ከአውሮፓው ይልቅ ይቋቋማታል፤ ብዙ ቀፎ ያለ መድኃኒት አብሯት ይኖራል። አንድ ሁለት ስላያችሁ አትደንግጡ። ንቡ መዳህ ከጀመረ ግን ዝም አይባልም። የወረዳውን ባለሙያ ጥሩ። እስኪመጣ የታሸገውን የድንጉላ እንጀራ ቆርጣችሁ አውጡ፤ ተባዩዋ እዚያ መራባት ትመርጣለችና። የቆረጣችሁትን ለዶሮ ስጡት፤ ለቅማ ትጨርሰዋለች።