ዓለምን በስውር የሚገዙ አይሁድ አሉ ብሎ ማመን ኃጢአት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጾምና ጸሎት የማያስታጉል ሰው ነው። በኮቪድ ጊዜ ሥራውን ካጣ ወዲህ ግን ሌሊቱን ዩቲዩብ ላይ ነው የሚያነጋው። በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ በየቀኑ ቪዲዮ ይለቅቃል። ባንኩንም፣ ጦርነቱንም፣ ወረርሽኙንም በስውር የሚመሩት ጥቂት አይሁድ ናቸው፤ እቅዳቸውም በጽሑፍ ተይዟል ይላል። ስንከራከረው «ጌታን የሰቀሉ ምን ያቅታቸዋል? እናንተ ተኝታችኋል» ይለናል። ይህን ማመን ኃጢአት ነው ወይ? ዝም ብለውስ?
ወለተ ሚካኤል

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ሚካኤል፣ አዎ፣ ኃጢአት ነው። «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ ባልንጀራው የሌላ ሃይማኖት ሰው ስለሆነ አይሻርም። ኦሪት ዘጸአት እንዲያውም «ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል» ብሎ አውሪውን ብቻ ሳይሆን ሰሚውንም ይይዛል። ቪዲዮውን ለዘመድ ሁሉ የበተነ ሰው «እኔ አልፈጠርኩት» ቢል አያመልጥም።

ተያዘ ስለሚባለው እቅድ ልጀምር። «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» የሚሉት መሆን አለበት፤ (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። መጀመሪያ የታተመው በ1903 በሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ነው። አሳታሚው ክሩሼቫን በዚያው ዓመት በፋሲካ በኪሺኔቭ ከተማ 49 አይሁድ የተገደሉበትን ጭፍጨፋ በሌላ ጋዜጣው ሲያቀጣጥል የነበረ ሰው ነው። በ1921 የለንደኑ ታይምስ ጽሑፉ ከየት እንደተሰረቀ አጋለጠ፦ ሞሪስ ጆሊ የተባለ ፈረንሳዊ በ1864 የፈረንሳይን ንጉሠ ነገሥት ሦስተኛውን ናፖሊዮን ለመንቀፍ ካሳተመው መጽሐፍ የተገለበጠ ነበር። የጆሊ መጽሐፍ ስለ አይሁድ ሴራ አይናገርም። ቀጣፊው በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የተጻፈውን ወስዶ በአይሁድ አፍ ጨመረው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። በአሜሪካ ይህን ወሬ በጋዜጣው ያሰራጨው የመኪና አምራቹ ሄንሪ ፎርድ በ1927 በአደባባይ ይቅርታ ጠይቋል። ይሁንና ናዚዎች ሐሰትነቱ ከተጋለጠ ከዓመታት በኋላ በየትምህርት ቤቱ አስነበቡት። ዛሬ ወንድምሽ ስልክ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ሴራ የሚባል ነገር በዓለም የለም አልልሽም። ይሁዳም ከካህናት አለቆች ጋር በሠላሳ ብር ተዋውሏል። እውነተኛ ሴራ ግን የሰው ስም፣ ቀንና የገንዘብ ልክ አለው፤ ይመሰከርበታል፣ ይከሽፋል፣ ተካፋዮቹም ይጣላሉ። አንድን ሕዝብ በሙሉ ከሽማግሌ እስከ ሕፃን የሚጨምር፣ ለሺህ ዓመት የማይከሽፍ ሴራ ግን የተፈጠረ ተረት ነው።

ወንድምሽ ይህን ያመነው ሞኝ ስለሆነ አይመስለኝም። የሰውን ልብ የሚያጠኑ ምሁራን በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ነገሮች ከቁጥጥሬ ውጭ ናቸው የሚል ስሜት ያደረባቸው ሰዎች ምንም በሌለበት ምስል ውስጥ ቅርጽ ያያሉ፤ ባልተያያዘ ነገርም ሴራ ይታያቸዋል። ሥራ አጥቶ፣ የቤት ኪራይ እያስጨነቀው፣ ሌሊት ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ምን ዓይነት ስሜት ውስጥ እንዳለ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሌላው ነገር መደጋገም ነው፤ ሐሰት ሲደጋገም ጆሮ ስለሚለምደው እውነት ይመስላል። በ2012 እንግሊዝ አገር የተደረገ ጥናት ደግሞ ልዕልት ዲያና ተገድላለች የሚሉ ሰዎች ሞቷን አስመስላ ጠፍታለች የሚለውንም ወደማመን እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። «የሚነግሩን ውሸት ነው» የሚለው ጥርጣሬ ግን ሁለቱንም ይሸከማል። አይሁድ በአንድ አፍ የሀብታሞች አለቃ፣ በሌላ አፍ የኮሚኒስቶች አለቃ ተብለው የተከሰሱት በዚሁ መንገድ ነው።

እንደ መምህር ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የሚሰጠው ደስታ ነው። «እናንተ ተኝታችኋል፣ እኔ ነቅቻለሁ» የሚል ሰው ያለ ጾም፣ ያለ ስግደት፣ ያለ ትምህርት ምስጢር አዋቂ ሆኗል። በዚያ ላይ ክፋት ሁሉ ሩቅ ያሉ ሰዎች ሥራ ስለሆነ፣ ወደ ንስሐ አባቱ ሲሄድ የሚናገረው ያጣል።

ሐማ አይሁድን ለማጥፋት ንጉሡን ያሳመነበትን ቃል መጽሐፈ አስቴር ምዕራፍ 3 ላይ አንብቢው፦ በሕዝብ መካከል የተበተነ፣ ሕጉ ከሌላው የተለየ፣ ለንጉሥ የማይታዘዝ ሕዝብ አለ ይላል። እንዲህ ያለ ወሬ በእኛም ላይ ተነዝቷል። በ64 ሮም ስትቃጠል ኔሮን ክርስቲያኖችን ከሰሰ። በሁለተኛው መቶ ዓመት አረማውያን ስለ ቅዱስ ቁርባን በጭላንጭል ሰምተው «ክርስቲያኖች ሕፃን አርደው ይበላሉ» አሉ። የሚያሳፍረው የቀጠለው ነው፤ በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ክርስቲያኖች ይህንኑ ስም ማጥፋት አንሥተው በአይሁድ ላይ ለጠፉት። የ1348ቱ ወረርሽኝ ሲመጣ ደግሞ «አይሁድ ጉድጓድ መረዙ» ተባለ። የሮማው ፓፓ ቀሌምንጦስ ስድስተኛ አይሁድም በበሽታው እያለቁ ነው፣ አይሁድ በሌሉበት አገርም በሽታው አለ ብሎ ጻፈ፤ የሰማው ግን ጥቂት ነበር። በስትራስቡርግ በየካቲት 1349 አይሁድ በእሳት ሲቃጠሉ ወረርሽኙ ገና ከተማይቱ አልደረሰም። የከተማው ሰዎች ለአይሁድ የነበረባቸው የአራጣ ዕዳም አብሮ ተሰረዘ፤ ይህቺን ነገር አትለፊያት።

የፈረንጅ በሽታ ነው ብለሽ ደግሞ እንዳታልፊው። ጎንደር ውስጥ ቤተ እስራኤል ከርስት ተነቅለው በእጅ ሥራ ኖሩ፤ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ። ገበሬው ማረሻውን ከእነርሱ እየገዛ፣ ሚስቱ በእነርሱ እንስራ ውኃ እየቀዳች፣ ልጁ ሲታመም «ቡዳ በላው፣ ሌሊት ጅብ ሆነው ይዞራሉ» ይል ነበር። በአውሮፓም እንዲሁ ነው፤ አይሁድን ከመሬትና ከእጅ ሥራ ማኅበር ከልክለው በአራጣ እንዲኖሩ ካስገደዷቸው በኋላ «ገንዘብ አምላኪዎች» አሏቸው። መጀመሪያ መተዳደሪያውን ያጠቡበታል፣ ከዚያ በቀረችው መተዳደሪያ ይከሱታል።

«ጌታን የሰቀሉ» ወደሚለው ልምጣ። በየቅዳሴው በጸሎተ ሃይማኖት «በጴንጤናዊ ጲላጦስ ዘመን ስለ እኛ ተሰቀለ» እንላለን። የሞት ፍርድ የፈረደው ጲላጦስና ችንካሩን የመቱት ወታደሮች ሮማውያን ናቸው። አለቆቹና በግቢው የጮኸው ሕዝብ ከአይሁድ ነበሩ፤ ያለቀሱለት የኢየሩሳሌም ሴቶች፣ ከመስቀሉ ሥር የቆሙት እመቤታችንና ዮሐንስ፣ የገነዙት ዮሴፍና ኒቆዲሞስም ከአይሁድ ናቸው። «ደሙ በእኛና በልጆቻችን ላይ ይሁን» ያሉትን ወንድምሽ ቢጠቅስልሽ፣ በበዓለ ሃምሳ ጴጥሮስ በዚያችው ከተማ «የተስፋው ቃል ለእናንተና ለልጆቻችሁ ነው» ማለቱን አንብቢለት። ሐዋርያው ለልጆቻቸው ያወረሳቸው ተስፋ ነው። ሕዝቅኤልም ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል።

እዚህ ላይ እኛ ሰባክያንም አለንበት። ጨካኝ ሰውን «አይሁድ» ብሎ መስደብ በመንደር የተለመደ ነው፤ ከዐውደ ምሕረት የሰማ ሰውም ይኖራል። የእመቤታችንን አስከሬን የተሸከመውን አልጋ የያዘው ታውፋንያ እጁ በመልአክ ሰይፍ መቆረጡን ሁሉም ያውቃል፤ ሥዕሉም አለ። ተጸጽቶ ሲለምን እጁ እንደተመለሰለት ግን ስንት ሰባኪ ነው የሚነግርሽ?

የእስራኤልን መንግሥት ፖለቲካ መንቀፍ ይህ አይደለም። የማንንም መንግሥት በሠራው ሥራ መንቀፍ ይቻላል፤ እስራኤላውያን ራሳቸው በየቀኑ ያደርጉታል።

ዝም ብንለውስ ላልሽው፦ በ2018 በፒትስበርግ ምኵራብ ገብቶ 11 ሰው የገደለው ሰው የተነሣው አይሁድ ስደተኞችን አሜሪካ ያስገባሉ በሚል ወሬ ነበር። የጠላው ሂያስ የተባለውን፣ ከየአገሩ የመጡ ስደተኞችን የሚያቋቁም የአይሁድ ድርጅት ነው። ከእኛም ወገን በእንዲህ ያሉ ድርጅቶች እጅ እዚያ አገር የገባ ጥቂት አይደለም። ይህን ለወንድምሽ ንገሪው፤ በዚያ ተረት ውስጥ እርሱ ራሱ አስገቡት የተባለው ወራሪ ነው።

ግሩፑ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአጭሩ «ይህ ሐሰት ነው፣ ልጆች ያነቡታልና እዚህ አትላክ» ብለሽ ጻፊ። ከዚያ በላይ በሰው ፊት አትከራከሪው፤ ክብሩን ለማስጠበቅ ሲል የባሰ ይጸናል። ቤቱ ሄደሽ ቡና አፍሉና ብቻውን ጠይቂው፦ ይህን ማን ተናገረው? መቼ? ምን ብታይ ሐሳብህን ትለውጣለህ? መልሱን ሳታቋርጪ ስሚ። ስለ ሥራውም አንሺበት፤ ከሰበካ ጉባኤው ሰው ጋር አገናኚው፣ ሥራ የሚያፈላልጉ ምእመናን በየአጥቢያው አይጠፉም። ንስሐ አባታችሁ ነገሩን ካላወቁት ንገሪያቸው። ከፈቀደ እኔም በስልክ አነጋግረዋለሁ፤ ማታ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ይመቸኛል።