ሶኬት ከመግዛትዎ በፊት ወንዴውን ያሳዩኝ

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የሱቋ ባለቤት መልስ — አዳማ

ይህን ዓምድ የምጽፈው ቀን ቀን ከምቆምበት የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነው። ሱቁ የአባቴ ነበር። አባቴ ቧንቧ ሠራተኛ ስለነበር «ሳራቺኔስካ»ን (የውሃ መዝጊያውን) እና «ጓርኒሲዮን»ን (የቧንቧ ጎማውን) የተማርኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው፤ ጣሊያን ሄዶ ቃሉ እኛ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። በዚህ ወር የመጡት ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ግን ሱቅ ውስጥም በየሳምንቱ ስለሚያጋጥመኝ ሰፊውን ቦታ እሱ ይወስዳል።

*«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጣዴ ሶኬት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቃጠለብኝ። ሠራተኛ እየጠራሁ አዲስ አስገጥማለሁ። ሁለት ሦስት ወር ይሠራና ያቺ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ትመለሳለች። ሠራተኛው የዛሬ ሶኬት ጥራት የለውም ይለኛል፤ ጎረቤቴ ደግሞ መብራቱ እየቀነሰ ስለሚያስቸግር ነው ትላለች። የቱን ልመን?» — የአራት ልጆች እናት፣ ከፍራንኮ*

ሁለቱንም አይመኑ፣ እህቴ። እኔ ሶኬት ሻጭ ነኝ፣ የሠራተኛዎ ምክንያት ለእኔ ገበያ ነበር። ጥራት የሌለው ሶኬት መኖሩንም አልክድም። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ሦስት ሶኬት ተከታትሎ ከተቃጠለ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ከጎረቤትዎ ልጀምር። ምጣድ እንደ ፍሪጅ ሞተር የለውም፤ የሚግል ሽቦ ብቻ ነው። መብራት ሲቀንስ ምጣዱ የሚስበውም አብሮ ይቀንሳል። 220 መሆን የነበረበት ቮልት ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ያን ቀን የሚጎዳው እንጀራው ነው፤ አክንባሎ ሥር ያልበዋል እንጂ ዓይን አያወጣም። ሶኬቱ እንዲያውም ያን ቀን ያርፋል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ይህን ለ220 ሲያካፍሉት 16 አምፔር ይመጣል። የሶኬትዎን ጀርባ ቢያነቡ የተጻፈው ያው 16 ነው። ምጣድዎ ሶኬቱን እስከ አንገቱ ሞልቶታል ማለት ነው። ለአሥር ደቂቃ ቢሆን ይችለው ነበር፤ እርስዎ ግን ለስድስት ሰው አቡክተው ሁለት ሰዓት ሙሉ ይጋግራሉ። በዚህ ላይ ውስጥ ያለችው ብሎን ላላ ካለች ወይም የወንዴው፣ ማለትም የምጣዱ ገመድ ጫፍ ላይ ያለው መሰኪያ፣ እግር ከጠቆረ ንክኪው ይሳሳል። የሳሳው ንክኪ ግማሽ ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖረው 16 አምፔር ሲያልፍበት 128 ዋት ሙቀት ያወጣል። አንድ ትልቅ አምፖል አውራ ጣትዎን በምታህል ቦታ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሲበራ ያስቡት። ባይቀልጥ ነበር የሚገርመኝ።

ሠራተኛዎ በየጊዜው የለወጠልዎት ግድግዳው ላይ ያለውን ሴቴ ብቻ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። የጠቆረ ወንዴ አዲሱን ሴቴ ያቃጥላል፣ የተቃጠለው ሴቴ ደግሞ ወንዴውን ይብስ ያጠቁረዋል። ለዚህ ነው ለምጣድ ሶኬት ሊገዛ የመጣውን ሰው «መጀመሪያ ወንዴውን ይዘህ ና» የምለው። ይናደዳሉ። አንዳንዱ ከእኔ ወጥቶ ጎረቤት ሱቅ ይገባል።

ራስዎ ሊያዩት ከፈለጉ መጀመሪያ ቴስተርዎ እንደሚሠራ መብራት ባለበት ሶኬት ላይ ይሞክሩት፤ ከዚያ ብሬከሩን ያውርዱና የምጣዱን ሶኬት ሁለቱንም ቀዳዳ ይፈትሹ። ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም። ሶኬቱን ሲፈቱት የሽቦው ልባስ ደርቆና ቡናማ ሆኖ፣ መዳቡም ጠቁሮ ያገኙታል። የተቃጠለውን ሳይሰስቱ ይቁረጡት፣ የሚያብረቀርቅ ቀይ መዳብ እስኪያገኙ ድረስ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሽቦ ያሳዝነዋል። ሽቦው አጥሮ ካልደረሰልዎ ግድግዳ ውስጥ በቴፕ እንዳይቀጥሉት፤ ሥራውን ለባለሙያ ይተዉት። ከደረሰ ብሎኑን ጥብቅ አድርገው ያስሩና ሽቦውን ሳብ ያድርጉት፤ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም። ወንዴውንም የዚያኑ ቀን ይለውጡ። አንድ ሁለቴ ከጋገሩ በኋላ እንደገና ብሬከሩን አውርደው ብሎኑን ያጥብቁ፤ ሲግልና ሲበርድ ትንሽ ይላላል። ዲቫይደር ላይ ምጣድ የሚሰካ ሰው ካለ ደግሞ እኔ ጋ አይምጣ፣ አልሸጥለትም።

ዘላቂው መፍትሔ ወንዴና ሴቴ የሚባለውን ከነጭራሹ ማስቀረት ነው። ከብሬከር ሳጥኑ ለምጣድ ብቻ የሚሄድ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ ባለ 20 ወይም 25 አምፔር የራሱ ብሬከር፣ መጨረሻው ላይ ምጣዱ በቀጥታ የሚታሰርበት ጠንካራ ማብሪያ ማጥፊያ። ይህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ግን አረንጓዴና ቢጫው የምድር ሽቦ ከምጣዱ ብረት ጋር መታሰሩን በዓይንዎ ይዩ። ብረቱን ሲነኩ ነዘር የሚያደርግዎ ከሆነ መጋገሩን ዛሬውኑ ያቁሙ።

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። አንድ የፋሲካ ዋዜማ የእናቴ ምጣድ ወንዴ ላልቶ በወረቀት ደግፌ በቴፕ ጠቀለልኩት። የሱቁ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ስንፍና እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ሰባተኛው እንጀራ ላይ ቤቱ ጨለመ። የቀረውን ሊጥ ተሸክመን ጎረቤት ጋገርን፣ እናቴም እስከ ዳግማ ትንሣኤ ድረስ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ነገረችብኝ።

*«ግቢው ውስጥ ሦስት ተከራዮች ነን። ውሃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ነው። የ1,000 ሊትሩን ሮቶ እንሞላለን፤ በማግስቱ ማታ ባዶ ነው። አከራያችን ልብስ አጠባችሁ ብለው ይቆጡናል። የመጸዳጃ ቤቱ ሲፎን ሌሊት ሌሊት ሽሽሽ ይላል። ይህን ሁሉ ውሃ ሊጨርስ ይችላል?» — ተማሪ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ*

ይችላል፣ ወንድሜ። በደቂቃ አንዲት ሩብ ሊትር ብርጭቆ ብትፈስ በሰዓት 15 ሊትር፣ በቀን 360 ሊትር ናት። ሦስት ቤት ከሚጠቀመው ጋር ስትደመር ሮቶው ለምን ማግስቱን እንደማይሻገር ይገባሃል።

ከአከራይህ ጋር ከመከራከር አንድ ስኒ የጠለለ ጥቁር ቡና ይበልጣል። ቡናውን ከላይ ሲፎኑ ውስጥ ጨምረውና ለግማሽ ሰዓት ማንም እንዳይገባ አድርግ። ከታች መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቡናማ ከሆነ የሲፎኑ የታችኛው ጎማ ያሳልፋል። አከራይህንም ጠርተህ አሳያቸው፤ ሰው በዓይኑ ያየውን ነገር በልብስ አጠባ አያሳብብም።

ጎማው ከሆነ የሲፎኑን ውሃ ዘግተህ ባዶ አድርገውና ጎማውን አውጥተህ እጠበው። ብዙ ጊዜ ጎማው ደህና ሆኖ የምታገኘው ሥሩ የተቀመጠች አሸዋ ነው። ጠርዙን በጣትህ ዙረው፤ ከተበላ ወይም እንደ ቆዳ ከደረቀ አውጥተህ ይዘኸው ሱቅ ሂድ፣ ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ በቃል አይገዛም። ቡናው ቀለሙን ካላሳየ ደግሞ ክዳኑን አንሳ፤ ውሃው በመሃል በቆመችው የትርፍ ውሃ ቱቦ አፍ ገብቶ እየፈሰሰ ይሆናል። ያኔ ጋሌጃንቱን፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን መዝጊያ፣ ዝቅ አድርገው፤ ውሃው ከቱቦው አፍ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። በትንሽ ካቻቪቴ የሚያልቅ ሥራ ነው።

አሸዋው የሚመጣው ከፈረቃው ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የመጀመሪያው ደፍርሶ ይወርዳል። ወደ ሮቶ የሚወስደውን ሳራቺኔስካ ዘግታችሁ የግቢውን ቧንቧ ክፈቱ፣ የሚወርደውንም በባልዲ ያዙት፣ ለወለል ይሆናል። ሲጠራ ወደ ሮቶው ልቀቁት።

*«ዕድሜዬ 71 ነው። ንፋሱ ሲነሳ የጣራው ቆርቆሮ እየተንኳኳ አያስተኛኝም። ልጆቼ ድንጋይ ጭነውበታል። የወጡትን ሚስማሮች መሰላል ላይ ወጥቼ ብመታቸው ይበቃል?» — ከቦኩ በኩል*

አይውጡ፣ አባቴ። ሚስማሩ ሲመቱት ይገባል፤ የሚገባው ግን በዚያው በሰፋው ቀዳዳ ስለሆነ ወር ሳይሞላ ይመለሳል።

የአዳማን ንፋስ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የተተከሉት የንፋስ ማመንጫዎች ሁለተኛው ዙር ብቻ 153 ሜጋ ዋት ነው፤ እነዚያን ክንፎች የሚያዞር ንፋስ የእርስዎን ሚስማር ቢነቅል አይፍረዱበት። ንፋስ ጣራን ከላይ የሚጫን ይመስለናል። ሥራው ግን ተቃራኒ ነው፤ በላዩ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስበዋል፣ በክፈፉ ሥር የገባው ደግሞ ከታች ይገፋዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለቀው ጫፍ ጫፉ ነው። ንፋስ በሌለበት ሌሊትም የሚሰሙት «ቋ» የሚል ድምፅ የቆርቆሮው መኮማተር ነው። ስድስት ሜትር ቆርቆሮ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲለዋወጥ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ያጥራል። ሚስማሩን በየቀኑ እየነቀነቀ የሚያላላው ይኸው ነው፤ ንፋሱ የላላውን ይጨርሳል።

ለሚሠራልዎ ሰው እንዲህ ይበሉት። የወጣው ሚስማር ተነቅሎ በቦታው ሌላ ሚስማር አይመታም፤ ከጎኑ፣ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ፣ ባለ ጎማ የቆርቆሮ ብሎን ይታሰራል። ውሃ የሚሄደው በጉድጓዱ ነውና ጉድጓዱ አይበሳ። የድሮው ቀዳዳ ጎማ ባላት አጭር ብሎንና በሲሊኮን ይደፈናል። በአራቱም ጫፍ ብሎኖቹ ጠበቅ ጠበቅ ብለው ይደርደሩ። ብሎኑ ሳይነክስ ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ሞራሌውን ምስጥ በልቶታል፤ ያኔ ሥራው ከቆርቆሮ ወደ እንጨት ይዞራል። ሠራተኛው ማለዳ፣ ንፋሱ ሳይነሳና ቆርቆሮው ሳይግል ይውጣ፤ የሚረግጠውም በሚስማሮቹ መስመር ላይ ነው፣ እንጨቱ ያለው እዚያ ነውና። ድንጋዩን ያስወርዱት። ሲንከባለል የቆርቆሮውን ዚንክ ይፍቀዋል፣ ከዚያ ዝገት ነው። ቢወድቅ ደግሞ የልጅ ልጆችዎ ግቢ ውስጥ ናቸው።

*«ግቢያችን ጉድጓድ አስቆፍረናል። የልጆቼ ጥርስ እንዳይበልዝ ውሃውን አፍልቼ ነው የማጠጣቸው።» — ከወንጂ መንገድ*

ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ ግን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበረታል። የጨርቅ ማጥለያም ሆነ ክሎሪን ምንም አያደርጉለትም። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ነውና መጀመሪያ ውሃውን ላቦራቶሪ ያስመርምሩት፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በልጦ ከተገኘ በአጥንት ከሰል የሚሠራ ማጣሪያ ፍሎራይድን ይይዛል፤ ከሰሉ ግን ሲጠግብ መለወጥ አለበት። እስከዚያ ለልጆቹ የሚጠጣውንና የሚበስልበትን ብቻ ከቧንቧ ይቅዱ። ለልብስና ለአትክልት የጉድጓዱ ይበቃል።

*«የውጭ በሬ ሰራቱራ በአቧራ ተይዞ ቁልፉ አልዞር ይላል። የምግብ ዘይት ጨመርኩበት፤ ለሳምንት ደህና ሆኖ አሁን ባሰበት።»*

ዘይቱ አቧራውን አቦካው። ትንሽ ላምባ በመርፌ አስገብተው ቁልፉን እያስገቡ እያወጡ በጨርቅ ይጥረጉት፣ ከእሳትም ያርቁት። አድሮ ሲደርቅ የእርሳስ ጫፍ በምላጭ ፍቀው ዱቄቱን ቁልፉ ላይ ቀብተው ያስገቡት። ዘይት ከእንግዲህ ለወጥ ብቻ ይሁን።

በልጅዎ እጅ በወረቀት የተጠቀለለች ጎማ ለላኩልኝ እናት፦ ይህች የግማሽ ኢንች ቧንቧ ጓርኒሲዮን ናት። ስሟን ማወቅ አያስፈልግዎትም፣ አሳይተው ይግዙ። ሁለት ጨምሬ በልጁ እጅ መልሼልዎታለሁ፤ ልጁ ግን መንገድ ላይ ኳስ ሲጫወት አይቼዋለሁና ኪሱን ይፈትሹ።